ትንሽ ግን ከባድ እሽግ

የኒውክሌር ዕቃ በኮንትሮባንድ ሲያልፍ ተያዘ የሚል ዜና በሰማሁ ቁጥር አንድ ነገር ይከነክነኛል። መያዙን ይነግሩናል፤ ተመርምሮ ምን ሆኖ እንደተገኘ ግን አይነግሩንም። «ያ ባለፈው ዩራኒየም ያልናችሁ ተራ ብረት ነበር፤ ይቅርታ» የሚል ዜና አንባቢ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ አልገጠመኝም። ፍርሃቱን ለእኛ ትተው እነሱ ወደ አየር ሁኔታ ያልፋሉ።

አክስቴ ይታይሽ ግን ዜና አይጠራጠሩም። እስራኤል፣ ፔታ ቲክቫ ከተማ፣ ሃዳር ጋኒም ሰፈር ባለው ቤታቸው ሬዲዮኑ ከንጋት ጀምሮ ያወራል። አንድ ጠዋት «ትንሽ ግን እጅግ ከባድ» የኒውክሌር ዕቃ መያዙን ሲሰሙ፣ ዓይናቸው በዋዜማው ከጎንደር በመጣላቸው እሽግ ላይ ዐረፈ። እሱም ትንሽ ነው። እሱም ከባድ ነው።

የላኩት ወደዚህ የመምጫ ተራቸውን እየጠበቁ ጎንደር የቀሩት ታናሽ እህታቸው ማንጠግቦሽ ናቸው፤ ያመጣው ዘመድ ጥየቃ ሄዶ የተመለሰ ጎረቤት። የእኛን ሰው አደራ ታውቁታላችሁ፤ በአቡጀዲ ተጠቅልሎ ዙሪያውን በመርፌ ይሰፋል፣ ላኪ አይናገርም፣ አድራሽ አይጠይቅም። መጠየቅ ማማት ነው። የአየር ማረፊያው መሣሪያ አይቶ አሳልፎታል ብል ማን ይስማኝ!

አክስቴ እሽጉን በረንዳ አውጥተው በሩን ዘጉበት። እህታቸው ሲደውሉም አላነሡም። «ወደድሽው ወይ?» ቢሏቸው መዋሸት አይሆንላቸውም፤ «ፈራሁት» ማለት ደግሞ እህትን መጠርጠር ነው። ስልኩ በጮኸ ቁጥር እሳቸው ኩርምት ይላሉ። ዓርብ ልጠይቃቸው ስሄድ ፊታቸው ከስቶ አገኘኋቸው፤ አንጀቴን በሉት።

«እሷ ክፉ አትልክም ልጄ። ግን ሐዳሾቱን፣ ዜናውን አልሰማህም? ሚሽታራ እንጥራ።»

«ፖሊስ መጥቶ ላኪው ማነው ሲል የእህትዎን ስም ሊሰጡ ነው?»

አክስቴ መቀስ አምጥተው ሰጡኝና ከኋላዬ ቆሙ።

ከአቡጀዲው ውስጥ የእናታቸው የወፍጮ መጅ ወጣ፤ ዕድሜ ልክ እህል የፈጩበት፣ መጨበጫው በእጅ ብዛት የለሰለሰ ድንጋይ። አክስቴ ጉንጫቸውን አስደግፈውበት አለቀሱ። ወዲያው ራሳቸው ደወሉ።

«ይታይሽ! አለሽ?» የሚል ጩኸት ከወዲያ መጣ።

«አለሁ! የእማ መጅ ደረሰልኝ እኮ…»

«መጁ ገደል ይግባ! ሬዲዮው ፔታ ቲክቫ ሚሳይል ወደቀ አለ፣ አንቺ ስልክ አታነሺ! ልቅሶ ተቀምጬልሻለሁ፤ ጎረቤቱ ሁሉ እኔ ቤት ነው።»

በዚያ ሳምንት እኛ ከተማ የወደቀ ነገር አልነበረም። ስለ ዜና ያለኝን ጥርጣሬ ላስረዳ አፌን ስከፍት፣ አክስቴ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። በስልኩ ውስጥ ማንጠግቦሽ ወደ ለቀስተኞቹ ዞረው «አለች! አለች!» እያሉ ይጮኹ ነበር።