ባለ አንድ ቁልፉ ሰርቨርና ባለ ስልሳ ገጹ መመሪያ

በመርሳ ከተማ የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የሆኑት አቶ አዳነ ለቀላል ነገር የሚገባውን ክብር በመስጠት ከመርሳ እስከ ወልድያ አቻ ያልተገኘላቸው ሰው ናቸው። ለዚህም የጽዳት ሠራተኛዋ የሻረግ ሕያው ምስክር ናት።

በጦርነቱ ኔትወርክ በጠፋ በሦስተኛው ሳምንት፣ ኤፍሬም የሚባል ስልክ ጠጋኝ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ሰርቨር ሠርቶ ቢሮው ድረስ አመጣ። ቁልፏን አንዴ ሲጫኗት በአቅራቢያዋ ያለ ስልክ ሁሉ ያለ ኢንተርኔት ይከፍታታል። ተፈናቃይ ስሙንና ያረፈበትን ይጽፍባታል፤ ዘመድም ዘመዱን ይፈልግባታል።

«ሌላ ጣጣ የላትም። ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ያስነሳታል» አለ ኤፍሬም።

አቶ አዳነ ደነገጡ። ይህን ያህል ቀላል ነገር ያለ መመሪያ መተው ኃላፊነት የጎደለው አሠራር መሆኑን በአጽንኦት ገለጹ። ወዲያው ሰባት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቁሞ፣ ላቡን ጠብ አድርጎ፣ ስልሳ ገጽ «ሰርቨርን የማቅለያ መመሪያ» አወጣ። በዚህም መሠረት ዘመድ ፈላጊ ማመልከቻና ሁለት ጉርድ ፎቶ ያቀርባል፤ ማመልከቻው ለኃላፊው ገብቶ ይመራል፤ ቁልፉን የሚጫነው ግን የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው። ሥልጠናው እስኪሰጥ ሰርቨሯ ሎከር ውስጥ ተቆለፈባት።

የየሻረግ ልጅ ሰላማዊት ከወልድያ ስትሸሽ መንገድ ላይ ጠፍታባታለች። እናት ወለሉን በወለወለች ቁጥር ዓይኗ ከሎከሩ አይነቀልም።

«ጌታው፣ እባክዎ አንዴ ልጫናት።»

«ሠልጥነሻል?»

«ጣት አለኝ'ኮ!»

«ጣት ያለው ሁሉ ከተጫነማ ሥልጠናው ለምን አስፈለገ?» ብለው ረቷት።

አንድ ጠዋት ተኩሱ ቀረበና ከተማው ነቅሎ ወደ ደሴ ወጣ። አቶ አዳነ በዚያ ቀውጢ ሰዓት እንኳ የመንግሥትን ንብረት አልዘነጉም፤ ማህተሙንና መመሪያውን ታቅፈው ተሰደዱ። የሻረግ ግን የሎከሩን ጓጉንቸር በመወልወያ እንጨቷ ገንጥላ ሰርቨሯን በነጠላዋ ቋጠረች።

ደሴ ስትደርስ፣ ተፈናቃይ በሞላው ትምህርት ቤት ግቢ፣ ቁልፏን ተጫነች። ሰዉ ስሙን መጻፍ ጀመረ። በአራተኛው ቀን «ሰላማዊት፣ ከወልድያ፣ ጓሮ ካለው ድንኳን» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የሻረግ እልል እያለች ሮጠች።

ከሳምንት በኋላ አቶ አዳነ አቧራ ለብሰው ብቅ አሉ። ባለቤታቸው ጠፍተውባቸዋል።

«ማመልከቻ ይዘዋል?» አለች የሻረግ።

ከመመሪያው የመጨረሻውን ገጽ ቀደው ጀርባው ላይ ጻፉ፤ ማህተምም አሳረፉበት። «ለማን ነው የማስገባው?»

«መመሪያው ለኃላፊው ነው የሚለው። ለእርስዎ ነዋ!»

አቶ አዳነ ወረቀቱን እንደያዙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የሻረግ ባትሪ ለመቆጠብ ያጠፋቻትን ሰርቨር ወደ እሳቸው ገፋ አደረገችላቸው።

«ጣት አለዎት አይደል?»