ሽማግሌው፣ ጎረምሳውና የአቦከር ውሃ

አብዱልፈታ አዋቂ ነው ወይስ ደፋር ብቻ? አባይነህ አብረው በሠሩበት ዘመን ሁሉ ይህን ጥያቄ ሲያገላብጥ ኖሮ መልስ አላገኘለትም።

«ቀላል ነው» የሚል ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። ጣሪያ ቢያፈስ ቀላል ነው፤ መብራት ቢጠፋ ቀላል ነው፤ ሰማይ ቢደረመስም መሰላል አምጡልኝ ነው የሚለው። የሐረር ተወካዩ ክቡር አብዱልፈታ ነበር። የቢሮውን በር ቁልፍ የጠገነ ጊዜ ሠራተኛው ሁሉ ለሁለት ቀን በመስኮት ገብቷል። አንዴ የተጣሉ ባልና ሚስት ሊያስታርቅ ሄዶ ሁለቱ ተባብረው አባረሩት። አቧራውን እያራገፈ፣ «ይኸው ተባበሩ አይደል እንዴ? ቀላል ነው» አለ።

አባይነህና አብዱልፈታ የሚሠሩት ከሸዋ በር ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ዘመኑ 2009 ነው፤ ውሃ በፈረቃ ነው። ድርጅቷ የውሃ ፈረቃ ሲወጣ ለየሰፈሩ ሰው በስልክ አጭር መልእክት ትልካለች። አባይነህ መልእክቱን ይጽፋል፤ የተጻፈው ሁሉ ወረፋ ይይዛል፤ ኮምፒውተሩ ከወረፋው ፊት ያለውን አንስቶ ይልካል፤ ተመልሶ ደግሞ ቀጣዩን ያነሳል። ኮምፒውተሩ አርጅቷል፤ ሲሞቀው ቀጥ ይላል። አብዱልፈታ «ሽማግሌው» ይለዋል። እሱ ቀጥ ሲል የሚተካ አዲስ ኮምፒውተር ተገዛ፤ አብዱልፈታ ያንን ደግሞ «ጎረምሳው» ብሎ ስም አወጣለት።

«ጎረምሳው ሽማግሌው እስኪወድቅ ቁጭ ብሎ ይጠብቅ» አለ አባይነህ።

«አቦ! ሥራ ፈቶ መቀመጥ ነውር አይደለም እንዴ? ሁለቱም ከአንድ ወረፋ ያንሱ።»

«አንዱን መልእክት ሁለቱም ቢልኩትስ?»

«አንተ፣ ፀጉር ቤት ገብተህ አታውቅም? ሁለት ፀጉር አስተካካይ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር። እጁ ነፃ የሆነው ‹ቀጥሎ!› ይላል። አንዱን ሰው ለሁለት ተሻምተው ሲላጩት አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ቀላል ነው።»

እውነትም ሠራ። አንዱ ያነሳውን ሌላው አይነካም፤ ወረፋው ደግሞ በግማሽ ጊዜ ያልቃል። ክቡርነታቸው ደረታቸውን ነፍተው በቢሮው ተንጎራደዱ። አባይነህ በልቡ ተናደደ፤ የሰው ልክ መሆን ሊያናድድ እንደሚችል ያን ሰሞን ተማረ።

ከዚያ ያ ረቡዕ መጣ። ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ አልነበረም። አባይነህ ለአቦከር ሰፈር ሰው «የአቦከር ፈረቃ ዓርብ ነው» ብሎ ጻፈ። ቆይቶ ፈረቃው መቀየሩ ሲነገረው፣ «የአቦከር ፈረቃ ነገ ረቡዕ እስከ ቀኑ ስድስት ሰዓት ነው» ብሎ ሌላ ጻፈ። ሁለቱም ከብዙ መሰሎቻቸው ጋር ወረፋ ይዘው አደሩ።

ረቡዕ ጠዋት የአባይነህ ስልክ ጮኸ። አቦከር ቤት ያከራዩት አዴ ሩቂያ ናቸው። የልጃቸው የዘቢባ ኒካህ ሐሙስ ነው።

«አባይነህ ልጄ፣ ጉድ ሆንኩ! ውሃው ዓርብ ነው አሉን። ያን ሁሉ እንግዳ በምን ውሃ ላብላ?»

«አዴ፣ ዛሬ ነው ብዬ ጽፌ ነበር እኮ!»

«እሱ መጥቶ ነበር። ከኋላው ደግሞ ዓርብ የሚል መጣ። ሰው የኋለኛውን ነው የሚያምነው። የሰፈሩ ሰው ዛሬ ውሃ የለም ብሎ በርሜሉን ሁሉ ደፍቶ አስቀመጠ።»

አባይነህ ወደ አብዱልፈታ ዞረ። አብዱልፈታም ወደ ሁለቱ ኮምፒውተሮች። ኔትወርኩ ሲመለስ ሽማግሌው ቀድሞ ዓርብን አንስቷል፤ እሱ እያሳለ፣ እየተነፋፈሰ ሳለ ጎረምሳው ከኋላ ያለችውን ረቡዕን ላፍ አድርጎ በረረ፤ የሽማግሌው ዓርብ ከኋላ ደረሰች። ሁለቱም ድርሻቸውን በታማኝነት ፈጽመዋል።

«ፀጉር ቤትም» አለ አብዱልፈታ ቀስ ብሎ፣ «ቀድሞ የተቀመጠ ሁልጊዜ ቀድሞ ተላጭቶ አይወጣም ለካ።»

ማረሚያ ቶሎ እንዳይልኩ ኔትወርኩ እንደገና ሄዷል፤ የአዴ ሩቂያም ስልክ ተቋርጧል። ውሃው ደግሞ ይሄኔ በአቦከር ቧንቧ እየመጣ ነው፤ ስድስት ሰዓት ላይ ይቆማል። አብዱልፈታ አባይነህ አንድ ነገር እስኪናገር እንኳ አልጠበቀም፤ በመስኮት ዘሎ ወጥቶ ባጃጅ ውስጥ ነበር። አባይነህም ተከትሎት ገባ።

አቦከር ሲደርሱ የአብዱልፈታ ግማሽ አካሉ ከባጃጁ ውጭ ተንጠልጥሏል።

«ያ ጀመዓ! ውሃ አሁን ነው! ክፈቱ!»

«ስልኩ ዓርብ ይላል!» አሉ አንድ አዛውንት ከደጃፋቸው።

«ስልኩ ተሳስቷል አባባ!»

«ስልክ ከሚሳሳት አንተ ብትሳሳት ይቀላል!»

«እኔም ነኝ! ስልኩን ያስዋሸሁት እኔ ነኝ፣ ወላሂ!»

ሰው በገዛ ራሱ ላይ እንዲህ አይዋሽም። ቧንቧ ተከፈተ፤ ጀሪካን ተንኳኳ፤ ሴቶቹ እየሳቁ እየተሳደቡ በርሜል አንከባለሉ። አብዱልፈታ የአዴ ሩቂያን ሮቶ በጎማ ሲሞላ ጎማው አፈትልኮ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው አጠበው።

«ዓርብ ያልከኝ አንተ ነህ?» አሉት አዴ ሩቂያ፣ ወገባቸውን ይዘው።

«እኔ ነኝ አዴ።»

«እንግዲያው ያንን ሁለተኛውን በርሜልም አንተው ሙላ።»

ሞላ። የጎረቤቱንም ሞላ። ሮቶው አፉ ድረስ ጢም ሲል አዴ ሩቂያ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ተቀመጡ። አብዱልፈታ ግን በዚያው እርጥብ ልብሱ ወደ ቢሮ ሮጠ። ጎረምሳው ብቻውን እንዲልክ፣ ሽማግሌውም አጠገቡ ተቀምጦ ጎረምሳው የወደቀ ዕለት ብቻ እንዲነሳ አደረገ።

«ሥራ ፈቶ መቀመጥ ነውር ነው ያልከው ማን ነበር?» አለው አባይነህ።

«አቦ ተወኝ። ይሄ ሥራ መፍታት አይደለም፤ ዘብ ነው።»

ከሰዓት በኋላ አዴ ሩቂያ ግቢ ሩዝ የሚለቅሙት ሴቶች ዘፈን ጀምረዋል፤ ከበሮው ግድግዳ ያንቀጠቅጣል። አብዱልፈታ «እስቲ ሮቶው ያንጠባጥብ እንደሆነ ልይ» ብሎ መጣና ሮቶው ጥላ ሥር ባለው የሩዝ ጆንያ ላይ ጎኑን አሳረፈ። ወዲያው አፉ ተከፈተ፤ ማንኮራፋቱ ከከበሮው ጋር ተፎካከረ።

«ጆንያውን እንፈልገዋለን፤ ቀስቅሰው» አለችው አንዷ አባይነህን።

«አይነካም!» አለ አባይነህ፣ ድምፁ እሱን ራሱን እስኪያስደነግጠው። ጃኬቱን አውልቆ እርጥቡ ሰውዬ ላይ ጣል አደረገና ሌላ ጆንያ ሩዝ ከሱቅ ተሸክሞ ሊያመጣ ወጣ። ከበሮው አላቋረጠም፤ ሰውዬውም አልነቃም። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር።