የሀስና ናሙና በምን ይነከር?

[ቆቦ፤ የአንድ ክሊኒክ ላቦራቶሪ። ቴክኒሻኑ ኡበይድ ቁራጭ ሥጋ ያለበትን ብልቃጥ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ ያያል። የጽዳት ሠራተኛዋ ተናኜ መወልወያዋን ተደግፋ ቆማለች።]

ኡበይድ፦ አልኮል ነው አልሁ፣ አልኮል ነው!

ተናኜ፦ ግድግዳው ላይ የለጠፉት ግን ፎርማሊን ይላል። ዐሥር በመቶ።

ኡበይድ፦ እትዬ ተናኜ፣ ግድግዳ የሚያነበው የማያውቅ ሰው ነው።

ተናኜ፦ እውነትህን ነው፤ የሚያውቅማ ምን ያነባል። ግን ልጄ፣ ያ ብልቃጥ…

ኡበይድ፦ ብልቃጡን ለእኔ ይተዉት! ይኼ የሀስና የጡት እባጭ ነው። አዲስ አበባ ሄዶ በአንቲቦዲ ይቀለማል። አንቲቦዲው የዕጢውን ምልክት ፈልጎ ካገኘ መድኃኒቷ ይታወቃል። ካበላሸነው ሴትዮዋ ላይ ዳግመኛ ቢላ ሊያርፍባት ነው።

ተናኜ፦ እግዚኦ! ታዲያ እንደተጻፈው ብታደርግ ምን አለ?

ኡበይድ፦ ፎርማሊን ምልክቱን ይሸፍነዋል። አልኮል ግን ቁስል እንኳ ያጸዳል!

ተናኜ፦ ሥጋውን አያደርቀውም?

ኡበይድ፦ ይድረቃ! የደረቀ ሥጋ አይበላሽም።

ተናኜ፦ እንደ ቋንጣ በለኛ። ቋንጣ ግን ይዘለዘላል፤ ድፍኑን ከሰቀልኸው መሀሉ ይሸታል።

ኡበይድ፦ [እየሳቀ] ሱብሃነላህ! አራት ዓመት የተማርሁት ቋንጣ ለመዘልዘል ነው?

ተናኜ፦ አራት ዓመት ፈጀብህ? እኛ በአንድ ፋሲካ ጨረስነው። ለማንኛውም ያ ብልቃጥ ስም እንኳ አልተጻፈበት…

ኡበይድ፦ ስም ምን ያደርግልኛል? እኔ በዓይኔ እለያለሁ። ይኼን ቢጫ ዳር ይዩት፤ ዕጢ ነው፣ ያውም ክፉው ዓይነት! [አልኮሉን ይገለብጥበታል]

ተናኜ፦ ወይ ጉዴ!

[ስልክ ይጮኻል።]

ኡበይድ፦ አቤት ዶክተር ሰላም! የሀስና ናሙና? እንዴታ፣ ይኸው በእጄ… ምን? ጠዋት ራስዎ ሰነጣጥቀው ፎርማሊን ውስጥ ከተቱት? በደሴው መኪና ሄደ? ማን አደረሰው? እትዬ ተናኜ? [ቀስ ብሎ ወደ ተናኜ ይዞራል፤ ስልኩን ይዘጋል] እና ይኼስ?

ተናኜ፦ ምሳዬ። ከሮቢት የመጣ የፍየል ጮማ። ሳህን ባጣ ባዶ ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ፣ እጄን ልታጠብ ብዬ ባስቀምጠው…

ኡበይድ፦ ታዲያ አይነግሩኝም?

ተናኜ፦ ሁለቴ «ያ ብልቃጥ» ብል አፌን ዘጋኸው። ተመስገን፣ ሀስና ተርፋለች፤ ጦሜን የዋልሁት እኔ ብቻ ነኝ። ይልቅ ሮቢት ደውልና ለባለ ፍየሉ ንገረው።

ኡበይድ፦ ምን ብዬ?

ተናኜ፦ ያረድሃት ፍየል የጡት ዕጢ ነበረባት፣ ያውም ክፉው ዓይነት በለው። ወንድ ፍየል ነበር፤ ግን አንተ በዓይንህ ትለያለህ።