በውስጥ እግራቸው የሚሰሙ ሐኪም

ሁለቱ እጆቻቸው የጫማቸውን ማሰሪያ እየፈቱ ነው። የተቀመጡት በሰው መኪና ውስጥ፣ ከሹፌሩ ጎን ነው። ግራውን ፈቱ፣ ቀኙን ፈቱ፣ ካልሲያቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፣ ባዶ እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ የታወቀው ትእዛዝ መጣ።

«ዝም በሉ!»

መኪና የሚያልፍበት ሰፈር ሁሉ እንዲህ ያለ አንድ ሰው አያጣም። ጋራዥ የለውም፤ መፍቻ የለውም፤ ብዙውን ጊዜ መኪናም የለውም። ግን በአጠገቡ የሚያልፍ ሞተር ሳይመረመር አያልፍም። የኛ ሰፈር ሐኪም ሴት ናቸው። በሌሉበት «እትዬ ዝም-በሉ» እንላቸዋለን፤ ፊት ለፊት ግን እትዬ ብቻ። ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ውስጥ ቆመው ትኬት ሲቆርጡ የኖሩ ናቸው። «ጆሮ ይታለላል» ይላሉ። «ጆሮ ሬዲዮም ይሰማል፣ ሐሜትም ይሰማል። ውስጥ እግር ግን መኪናውን ብቻ ነው የሚሰማው።»

የሚወዱት በሽታ ክሮቼራ ነው። ክሮቼራ የሞተሩን ጉልበት ወደ ኋላ ጎማ በሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ላይ ያለች መጋጠሚያ ናት። ለእትዬ ግን የዓለም ችግር ሁሉ መነሻ ናት።

አንድ ጊዜ የጎረቤታችንን አስከሬን የጫነው መኪና ሊነሳ ማርሽ ሲገባለት «ቋ!» አለ። ሁላችንም እያለቀስን ነው። ክብርት ሐኪም መሐረባቸውን ከዓይናቸው አንስተው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ክሮቼራው ነው። ይሄ መቃብሩ ድረስ አይዘልቅም።»

«እትዬ፣ ኧረ ነውር ነው!»

«ነውሩስ ሟቹን መንገድ ላይ ማስቀረት ነው።»

ሟቹ በሰላም ደረሰ። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ «በተአምር ነው» ይላሉ።

የወንድ ልጄ መኪና ከኋላ ስታንኳኳ ሰምተው፣ መካኒኩ የኋላ ማርሽ ቤቷን እንዲፈታት አስገደዱት። ምንም አልተገኘባትም። ሲያንኳኳ የነበረው ከማሰሪያው ወጥቶ በዕቃ መጫኛው ውስጥ ወዲያ ወዲህ የሚንከባለል የጎማ መቀየሪያ ክሪክ ነበር።

«እትዬ፣ ተሳሳቱ እኮ» አላቸው ልጄ።

«እኔ? ታዲያ ክሪኩን ከማሰሪያው ያወጣው ማን ሆነና ነው? የክሮቼራው መንቀጥቀጥ ነዋ!»

ከእትዬ ጋር መከራከር ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው።

አሁን ወደ ሴት ልጄ ልምጣ። ነርስ ናት። ከዳገቱ ማዶ ያለ ክሊኒክ ለሙከራ ጊዜ ቀጠራት፤ የምትነዳው ግን አሮጌ መኪና ነበር። መኪናዋ በማለዳ ብርድ ትነሳለች፤ ነዳጅ ሲረገጥላት ትንተባተባለች፣ ትንገጫገጫለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። ማርሽ ሲቀየርላት ደግሞ ከሆዷ ሥር «ቋ!» ትላለች። ልጄ እየዘገየች መድረሷ ሲደጋገም ኃላፊዋ «አንድ ጊዜ ደግሞ ብትዘገዪ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ» አላት። በዚያው ሰሞን መኪናዋ ዳገቱ ወገብ ላይ ጠፋችባት። ከኋላዋ የጭነት መኪና ጥሩንባውን እያምባረቀ ሊነካት ምንም አልቀረውም። ከዚያ ቀን ወዲህ ቁልፍ ስታነሳ ፊቷ አመድ ይመስል ነበር።

እትዬ ማንም ሳይጠራቸው መጡ። ጫማ ወለቀ፤ ዝም ተባለ።

«ሁለት በሽታ ነው» አሉ በመጨረሻ። «አንዱ ጉንፋን፣ አንዱ የአጥንት። የአጥንቱ ክሮቼራ ነው።»

ልጄ እኔን አየችና ሳቋን ዋጠች። መካኒኩ ግን ከሥር ገብቶ ዘንጉን ነቅነቅ ሲያደርገው፣ መጋጠሚያዋ እንደ ሕፃን ጥርስ ተነቃነቀች። ሁልጊዜ ክሮቼራ ክሮቼራ የሚል ሰው አንድ ቀን ይቀናዋል! መካኒኩ ክሮቼራዋን ቀየረ፤ ለጉንፋኗም በብርድ ጊዜ የሞተሩን አየር የምትቀንሰውን ክዳን ከተጣበቀችበት አላቀቃት። እትዬ በዚያ ቀን መንገዱን እንደ ሙሽራ እናት ተንጎራደዱበት።

ቋቋታው ጠፋ። መኪናዋ ማለዳ በአንድ ቁልፍ ትነሳ ጀመር። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ግን እንደ ድሮዋ ትንገጫገጫለች።

«ሕክምናው አላለቀም» አሉ እትዬ። «ጠዋት ጠዋት አብሬሽ እወጣለሁ።»

ወጡም። ልጄን ክሊኒኩ በር ላይ ያደርሱና በአውቶቡስ ይመለሳሉ። እኔም አላስችል ብሎኝ አንድ ቀን ከኋላ ወንበር ገባሁ። ዳገቱን ስንጀምር መኪናዋ ተንገጫገጨች። አንገቴን አስግጌ የልጄን እግር አየሁ። ነዳጁን ትረግጣለች፣ ደንግጣ ታነሳለች፤ ትረግጣለች፣ ታነሳለች። መኪናዋ ጤነኛ ነበረች። የታመመችው ልጄ ነበረች።

እኔ ያየሁትን የእትዬ ውስጥ እግር ሳይሰማው ይቀራል? ዓይናቸውን ሲገልጡ፣ አሁን ያፈነዱታል አልኩ።

«አይዞሽ፣ መኪናዋ ፈርታ ነው» አሉ ለስለስ ብለው። «አሮጊት አይደለች? ዳገት ስታይ ልቧ ይርዳል። እግርሽን አታንሺባት፣ የኔ ልጅ። ረጋ አድርገሽ ያዢላት፤ ትለምድሻለች።»

«እሺ፣ አይዞሽ የኔ ቆንጆ» አለች ልጄ ለመኪናዋ። እግሯ ረጋ። ዳገቱን ጨርሰን ክሊኒኩ በር ላይ ስንደርስ ዘበኛው ገና እየከፈተ ነበር።

አውቶቡስ ስንጠብቅ እንዲህ አልኳቸው። «እትዬ፣ የልጄ እግር እኮ ነው።»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉኝ ግራ ቀኙን አይተው። «መኪና ቢሰድቡት አያዝንም።»

በክርክር ተሸንፈው የማያውቁት እትዬ፣ ያወቁትን ዋጥ አድርገው ጠዋት ጠዋት ተመላለሱ። ልጄ ዛሬ ቋሚ ሠራተኛ ሆናለች። ዳገቱን ብቻዋን ትወጣዋለች፤ ሬዲዮ ከፍታ እንደምትወጣ ሰምቻለሁ። እትዬም «ድናለች» ብለው ፈረሙላት። እኔ ግን በመስኮት አያቸዋለሁ። መኪናዋ ዳገቱን ጨርሳ እስክትሰወር በራቸው ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ይቆማሉ፤ ከተሰወረችም በኋላ ቶሎ አይገቡም። የሚያክሙት አጥተዋል።

ስለዚህ አንባቢዎቼ፣ አሮጌ መኪና ያላችሁ እንደሆነ ጠዋት በኛ ሰፈር በኩል እለፉ። የምታንኳኳ ከሆነች እሰየው፤ ባታንኳኳም እለፉ። በራቸው ጋ ስትደርሱ ቀስ በሉና መስኮቱን ዝቅ አድርጋችሁ «እትዬ፣ ይቺ መኪና ምን ሆናብኝ ይሆን?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።