ወይዘሮ ብርድነው እና የልጄ ትንፋሽ

ሐኪም የሌለበት ቤተሰብ ሞልቷል፤ የብርድ ሊቅ የሌለበት ቤተሰብ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ራስህን ቢያምህ ብርድ ነው። ሆድህን ቢቆርጥህ ብርድ ነው። ጥርስህ ቢወልቅ እንኳ ድዱን ብርድ መትቶት ነው። የእኛ ቤት ሊቅ ታላቅ እህቴ ናት። ጎረቤቶቻችን በሌለችበት «ወይዘሮ ብርድነው» ይሏታል፤ በፊቷ ግን «እትዬ» ናት፤ ሌላ ለማለት የሚደፍር አልተገኘም።

ክብርት ወይዘሮ ብርድነው ባሏ ከሞተ በኋላ «ለሁለት ሳምንት ልያችሁ» ብላ መጣች፤ ይኸው ስድስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ታላቅነቷን አክብረን ከቤቱ የተሻለውን ክፍል ሰጠናት። በጓሮ በኩል ያለ፣ መስኮቱ ሲከፈት ዛፍና የተሰጣ ልብስ የሚታይበት ክፍል ነው። የእኛና የልጄ ክፍሎች የሚያዩት ዋናውን መንገድ ነው። ከታች የአውቶቡስ ማቆሚያ፣ አለፍ ብሎ የትራፊክ መብራት አለ። ቀይ ሲበራ የጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ሞተር ሳይክሉ ተሰልፎ ያጓራል። አረንጓዴ ሲበራ ደግሞ ሁሉም ጭሱን ወደ ሦስተኛው ፎቅ፣ ወደ እኛ፣ ተንፍሶ ይሄዳል።

እህቴ ጡረታ እስክትወጣ ሆስፒታል ሠርታለች። እውነት ነው። የሠራችው ልብስ ማጠቢያው ክፍል ነው፤ እሷ ግን ይህን ዝርዝር መናገር አስፈላጊ ሆኖ አይታያትም። ክርክር ሲነሣ፣ «ሆስፒታል የሠራሁት እኔ ነኝ ወይስ አንተ?» ትለኛለች። ክርክሩም በዚያው ያበቃል።

ልጄ ሰባት ዓመት ሲሞላት ሳል ጀመራት። ጠዋት ጠዋት ያስነጥሳታል፤ ዓይኗን እስኪቀላ ታሻለች። ስትተኛ ደግሞ ደረቷ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ነገር አለ፤ በበር ስንጥቅ ንፋስ ሲያልፍ እንደሚሰማው ዓይነት። ወይዘሮ ብርድነው ጆሮዋን ከልጄ ጀርባ ላይ አሳርፋ በጥሞና አዳመጠች፤ ከዚያም ቀና ብላ ፍርዷን ሰጠች።

«ብርድ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ተጠቀለለች። ሹራብ በሹራብ ላይ፣ አንገቷ ላይ ሁለት ዙር ሻርፕ፣ እግሯ ላይ እህቴ ራሷ የሠራችው ወፍራም የሱፍ ካልሲ። በጠራራ ፀሐይ ትምህርት ቤት ስትሄድ ያየ ሰው በረዶ ተራራ ልትወጣ ነው ይላል። ምድር ቤት ያለው ልብስ ሰፊ አንድ ቀን መቀሱን አስቀምጦ፣ «እትዬ፣ ልጅቷ ውስጥ አለች?» ብሎ ጠየቀ። እህቴ ወሩን ሙሉ ሰላምታ ነሣችው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እህቴን ጨምረን ወደ ባለቤቴ ወላጆች ሄድን። መኪና አልፎ አልፎ ብቻ የሚታይበት ገጠር ነው። ብዙም ሳንቆይ ሳሉ ጠፋ፤ ልጄም ከአክስቶቿ ልጆች ጋር ስትሯሯጥ መዋል ጀመረች። እህቴ ካልሲውን በጣቷ እያሳየች፣ «አላልኳችሁም?» አለች። ወደ ቤታችን በተመለስን በማግስቱ ሳሉም ተመለሰ። እኔና ባለቤቴ ግራ ገባን፤ ወይዘሮ ብርድነውን ግን ግራ የሚያጋባ ነገር ገና አልተፈጠረም። ሻንጣውን በርብራ፣ «ይኸው! ካልሲውን እዚያ ረስታችሁታል» አለች።

በዚህ ጊዜ የባለቤቴ ትዕግሥት አለቀ። ልጃችንን ይዘን ጤና ጣቢያ ሐኪም ዘንድ ሄድን። እህቴም የክት ልብሷን ለብሳ፣ የሥራ ባልደረባዋን እንደምትጎበኝ ሰው ተከተለችን። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት። ልጄን አዳምጣ፣ በመሣሪያ አስተንፍሳ ስታበቃ የጠየቀችን ስለ ሳሉ ሳይሆን ስለ ቤታችን ነበር።

«የምትተኛበት ክፍል በየት በኩል ነው?»

«በመንገዱ በኩል» አልኩ።

«መኪና ይበዛበታል?»

«የማይበዛበት ሰዓት የለውም» አለች ባለቤቴ።

ሐኪሟ ወንበሯን ወደ እኛ ሳብ አደረገች። «አስም ነው። አለርጂም አለባት። የመኪናው ጭስ የአየር ቧንቧዋን ያስቆጣዋል፤ ሲቆጣ ያብጣል፣ ይጠብባል። ልጆች ሳንባቸው ገና እያደገ ነው፤ ከእኛም ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳሉ። ከአበባና ከአቧራ የሚመጣውን አለርጂም ቢሆን ጭሱ ያባብሰዋል።»

«የኔ ልጅ፣» አለች እህቴ በትሕትና፣ «ብርዱንስ ረሳሽው?»

«ብርድም ሊቀሰቅሰው ይችላል፣ እናቴ።»

እህቴ ወደ እኔ የወረወረችው የድል አስተያየት ዛሬም ይታየኛል። ከዚያ በኋላ የተባለውን የሰማች አልመሰለኝም። ሐኪሟ ግን ቀጠለች። «ፓፍ» የሚሉትን በአፍ የሚሳብ መድኃኒት በሁለት ዓይነት ሰጠችን፤ አንዱ በየቀኑ የሚወሰድ፣ አንዱ ትንፋሽ ሲያጥራት የሚሰጥ። በፕላስቲክ ቱቦ እንዴት እንደሚሳብ አሳየችን። መኪና በሚበዛበት ሰዓት መስኮቱን ዝጉ፣ ጋብ ሲል ክፈቱ አለች። በመጨረሻም፣ «ከቻላችሁ ደግሞ ከመንገዱ ራቅ ያለ ክፍል ብትተኛ» ብላ ጨመረች።

እኔና ባለቤቴ ተያየን። ከመንገዱ ራቅ ያለ ክፍል ቤታችን ውስጥ አንድ ብቻ ነው። የክፍሉ እመቤት ደግሞ አጠገባችን፣ የክት ልብሷን ለብሳ ተቀምጣለች። ማን ይናገር? አልተናገርንም። እሷም ቤት እንደገባን፣ «ይሄ ፓፍ የምትሉት ሱስ ያስይዛል» ብላ የልጄን ሻርፕ አጠበቀችው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በአቅራቢያችን ያለው ሌላ መንገድ ለጥገና ተዘጋና መኪናው ሁሉ በእኛ በር እንዲያልፍ ተደረገ። የጭነት መኪኖቹ ሞተራቸውን ሳያጠፉ እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ተሰልፈዋል። ባለቤቴ ሥራ ላይ ናት። እኔ ጠረጴዛዬ ላይ ጽሑፍ ይዣለሁ። ልጄ በዚያ ሰልፍ አጠገብ ተጉዛ፣ ደረጃውን ወጥታ በሩን ከፈተችና ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል። ከንፈሯ ቀለሙን ለውጧል።

«አባ…» አለች። ቃሉን መጨረስ አቃታት።

መሳቢያውን እገለብጣለሁ፤ ፓፉ የለም።

«ተወው፣ እኔ ጋ ነው» አለች እህቴ። ከሽርጧ ኪስ አወጣችው። ያ ሱስ ያስይዛል የተባለው መድኃኒት ከነቱቦው ኪሷ ውስጥ ነበር።

ልጄን ወንበር ላይ ቀጥ አድርጋ አስቀመጠቻት። ሻርፑን በአንድ ጊዜ ፈትታ ወረወረችው። ሹራቡን አወለቀች፤ የሸሚዙን ቁልፎች ከፈተች። ፓፉን ነቀነቀችና ቱቦውን አፏ ላይ ያዘችላት። «አይዞሽ የኔ እናት። ቀስ ብለሽ ሳቢ። ተንፍሺ። እንደገና ሳቢ።» ሐኪሟ ያሳየችውን አንድም ሳታስቀር አደረገችው። በመሀል ቀና ብላ፣ «አንተ ምን ቆመህ ታየኛለህ? መስኮቱን ዝጋና መኪና ጥራ!» አለችኝ።

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ልጄ ቃላት መናገር ጀምራ ነበር። ኦክስጅን አደረጉላት፤ መድኃኒት ጨመሩላት። ሐኪሟም መጥታ አይታት፣ «መድኃኒቱን ቶሎ፣ በትክክል ነው የሰጣችኋት። ደግ አደረጋችሁ» አለችን። እህቴን ለማመስገን ዞር ስል አጣኋት። መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«ልጄን ሳንቃት ከረምኩ» አለች።

«አንቺ አይደለሽም፣ እታለም። ጭሱ ነው።»

በመዳፏ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ መተላለፊያው ላይ ፍራሽ ተጋድሟል። ወይዘሮ ብርድነው አልጋዋን ፈትታ ብቻዋን ትጎትታለች።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ያ ክፍል ለኔ አይሆንም። ብርድ አለው።»

«ብርድ ካለው ታዲያ ለልጅቷ እንዴት ይሆናል?»

ዓይኗን ከዓይኔ አሽሽታ የአልጋውን ጠርዝ በእጇ ስትደባብስ ቆየች።

«ወሬ አታብዛ» አለችኝ በመጨረሻ። «በዚያኛው በኩል ያዝ።»

ያዝኩ።

አስም አልጋ በማዛወር የሚድን ነገር አይደለም። ልጄ መድኃኒቷን በየቀኑ ትስባለች፤ ትምህርት ቤትም የምትሄደው በጓሮ ባለው ቀጭን መንገድ፣ ከአክስቷ ጋር ነው። መንገዱና ጭሱ ግን እንዳሉ ናቸው። እህቴ አሁን መኪናው ጋብ ሲል በመንገዱ በኩል ያለውን አዲሱን መስኮቷን ትከፍትና ማቆሚያው ላይ ያሉትን ሾፌሮች ታስተዳድራለች። «አንተ ልጅ! ከቆምክ ሞተሩን አጥፋው እንጂ!» ትላለች። አንዳንዱ ይስቅባታል፤ አንዳንዱ ያጠፋል። ጠዋት ጠዋት ጉሮሮዋን ስትጠራርግ እሰማታለሁ። ምን ሆነሽ ብላት፣ «እርጅና ነው» ትለኛለች። እኔና ባለቤቴ ሌላ ቤት እያፈላለግን ነው፤ ለእሷ ግን ገና አልነገርናትም።

ባለፈው ሰሞን፣ ልጄ እራቷን በልታ ገና እንደተኛች፣ እህቴን የጓሮው ክፍል በር ላይ ጆሮዋን ለጥፋ አገኘኋት። ደነገጥኩ።

«ምን ሆነች?»

«እሽሽ!» አለችኝ በጣቷ።

ተጠግቼ፣ ያን ሲር ሲር ፍለጋ፣ እኔም ጆሮዬን ለጠፍኩ።

«ምንድን ነው የምትሰሚው?» አልኳት በሹክሹክታ።

ወደ እኔ ዞረች። ፊቷ እንዲያ ሲበራ አይቼ አላውቅም።

«ምንም» አለች። «ምንም አይሰማም!»