ሰባ አንድ ዓመት የሞላት የሰባት ዓመት ልጅ

ስህተቷ ትንሽ ነበረች፤ ከሰባት ቁጥር ጎን ያለቦታዋ የቆመች አንዲት አንድ። እናት ግን ያየቻት የልጇ የነፃ ሕክምና ካርድ ከተሰጣት ከአራት ወር በኋላ፣ ከፋርማሲው መስኮት ፊት ቆማ ነው። ቀድማ እንዳታያት ያደረጋት ጥንቃቄዋ ነበር። ዝናብ ይመታዋል፣ እሳት ይበላዋል፣ ሌባ ይወስደዋል ብላ፣ ካርዱን በተቀበለችበት ሰዓት ላሚኔት አስደርጋ፣ በፌስታል ጠቅልላ ፍራሽ ሥር ሸሽጋው ነበርና።

በዚህም የሰባት ዓመት ልጇ፣ ነፃ ሕክምና በሚያድለው የተከበረ ጽሕፈት ቤት መዝገብ ላይ፣ ዕድሜ የጠገቡ አዛውንት ሆነው ተገኙ።

«የታዘዘው የሕፃን አስም መድኃኒት ነው፤ ካርዱ ደግሞ የአሮጊት። ሲስተሙ አልተቀበለውም» አለ ፋርማሲስቱ።

«ልጅቷ እኮ ይችውና ፊትህ ቆማለች።»

«እኔማ አየኋት። ሲስተሙ ነው ያላያት።»

ልጅቷ ሳለች። ትንፋሿ ያፏጫል። ቤት የቀረው የሚነፋ መድኃኒት ከሁለት ቀን አያልፍም። እናት ደግሞ ክፉ ነገር ቀድሞ የሚታያት ሴት ስለሆነች፣ ከአምቡላንሱ መዘግየት እስከ ቀብሩ ያለውን ሁሉ ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ በሐሳቧ ጨርሳዋለች።

ደረጃው የሚያደርሰው ከፋርማሲው በላይ ያለው የጽሕፈት ቤቱ የቅሬታ አፈታት ክፍል ነው። ክፍሉ በሥራው የተመሰገነ ነው። ባለፈው ዓመት አንድም ቅሬታ ሳይፈታ አልቀረም፤ አመልካቹ ሰልችቶት ከቀረ ጉዳዩ እንደተፈታ ይቆጠራልና።

«ስህተት ካለ ባለካርዷ ራሷ ቀርባ ትፈርም» አለች ጸሐፊዋ።

«ሕፃን ናት እኮ እህቴ፤ ገና ፊደል እየቆጠረች ነው። እኔ ልፈርምላት።»

«ሕፃን ከሆነች ፊርማዋ አይጸናም። ካርዱ እንደሚለው ትልቅ ሰው ከሆኑ ደግሞ፣ አንቺን በሰው ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«እናቷ ነኛ።»

ጸሐፊዋ የእናትየውን መታወቂያ ገልብጣ አየች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ይላል። «እንዴት ሆኖ?» አለች።

እናት ቦርሳዋን ዘረገፈች። የክትባት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ወረቀት፣ የሁሉም ፎቶ ኮፒ፣ የፎቶ ኮፒውም ፎቶ ኮፒ። ምናልባት ይጠይቁኛል ብላ፣ ባለፈው ወር የወለቀችውን የልጅቷን የወተት ጥርስ ሳይቀር በወረቀት ጠቅልላ ይዛለች።

«ጥርሳቸው መውለቁ ካርዱን ያጠናክራል እንጂ አያፈርሰውም» አለች ጸሐፊዋ በሐዘኔታ። «መመሪያው የሚለው ሌላ ነው። ዕድሜ ሲያከራክር ሦስት አብሮ አደጎች ይመስክሩ ይላል። በካርዱ ዕድሜ ያሉ።»

ኮሪደሩ ላይ፣ አግዳሚው ወንበር ላይ፣ የራሳቸውን ካርድ ሊያስታርሙ የመጡ ሦስት ሽማግሌዎች ነበሩ። እናት የገጠማትን ነገረቻቸው።

«አብሮ አደግ ባንሆን፣ ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ አብረን አርጅተናል» አሉ ከመካከላቸው ባለባርኔጣው፤ ሦስቱም ተከትለዋት ገቡ።

«አባቴ፣ እኚህን ሴት ያውቋቸዋል?» አለች ጸሐፊዋ ወደ ልጅቷ እያመለከተች።

«ገና ልጅ ሆና ነው የማውቃት» አሉ ባለባርኔጣው። አንዲት ቃል አልዋሹም። ሌሎቹ ሁለቱም «እኛም እንደዚያው» ብለው ፈረሙ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ማኅተም ያረፈበት ውሳኔ ወጣ፦ «ቅሬታው በጥልቀት ተመርምሮ ተፈትቷል። ተጠቃሚዋ ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው መሆኑ በአብሮ አደጎቻቸው ቃል ስለጸና፣ የአረጋውያን መድኃኒታቸው ያለ ወረፋ ይሰጣቸው።»

ፋርማሲስቱ ውሳኔውን አንብቦ፣ ከሕፃናት መደርደሪያ ወደ አረጋውያን መደርደሪያ ሁለት እርምጃ ተራመደና ያንኑ ካርቶን አወረደ።

«ያው ነው እንዴ?» አለች እናት።

«መድኃኒቱማ ያው ነው። መደርደሪያው ነው የሚለየው።»

ልጅቷ መድኃኒቱን ሁለት ጊዜ ሳበች። ፉጨቱ ቀስ በቀስ በረደ። እናት ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዋን ልታወርድ ስትል፣ ጸሐፊዋ ከላይ ጠራቻት፤ ልጇን ይዛ ወጣች።

«አንዲት ነገር ቀርታለች። አንቺ ከቤተሰቡ መዝገብ ተሰርዘሻል። የሠላሳ ስድስት ዓመት ሴት የሰባ አንድ ዓመት ልጅ ልትወልድ አትችልም።»

«እኔ ስታመምስ?»

«የቤቱ ትልቅ ሰው በጥገኝነት ያስመዘግቡሻል። ዕድሜያቸው ስለተረጋገጠ ፊርማቸው አሁን ይጸናል።»

ልጅቷ ወንበር ላይ ወጣች። ምላሷን አውጥታ፣ የምታውቃቸውን ሦስት ፊደላት ከቅጹ የፊርማ መስመር በላይ አሰፈረች። ጸሐፊዋ ማኅተሙን መታችበት።

ዘበኛው ውሳኔው ሲነበብ ሰምቷል፤ ለትልቅ ሰው ክብር መስጠት ደግሞ ያውቅበታል። ቁልፉን እያንቃጨለ መጣና ወደ ሕፃኗ ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ልቆልፍ ነው፤ ልጅዎን ይዘው ይውጡልኝ።»

ልጅቷ የእናቷን እጅ ይዛ ደረጃውን ቀስ እያደረገች አወረደቻት። ከኋላቸው በሩ ተዘጋ፤ ቁልፉም ሁለቴ ዞረ።