ስድስት ወይስ ስምንት ሲሊንደር

ትናንት በሕልሜ ለአባቴ መኪና የሞተር ብሎክ ልመርጥ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ስደርስ ግን ብሎኮቹ ናቸው ሰው የሚመርጡት።

በመንገዱ ግራና ቀኝ ሸራ ተነጥፎ ሰዎች እንደየቁመታቸው ተደርድረዋል። ትልልቅ የብረት ብሎኮች በመካከላችን እየተንጎራደዱ የአንዱን ደረት ያንኳኳሉ፣ የሌላውን አፍ ከፍተው ያሸታሉ። ሻጩ የመኪና ማንሻ ክሪክ ነበር፤ አንዱን ሰው ባሞገሰ ቁጥር ከፍ ከፍ ይላል። እኔንም ሳያስፈቅደኝ ሸራው ላይ አጋደመኝ።

መካኒካችን ደምሰው አጠገቤ ተኝቷል። አውራ ጣቱ ላይ «ለመለዋወጫ ብቻ» የሚል ወረቀት ታስሮለታል።

«ደምሰው፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ጉልበቴን ፈትተው ወሰዱት። ዝም ብለሽ ተኚ ትርሲት፣ የሚያወራ ሰው ገዢ አያገኝም።»

ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ጊዜ የለኝማ። አባቴ አቶ ወልደየስ ቀይ አሜሪካ ሠራሽ መኪና አለው፤ ባለ ስምንት ሲሊንደር፣ ስትነሣ የጎረቤት መስኮት የምታንቀጠቅጥ። ከስድስት ዓመት በፊት ታኅሣሥ ላይ ደብረ ብርሃን አሳደራት። በብርድ አገር ማታ ማታ የሞተሩን ውሃ ማውጣት ያለ ነው፤ እሱ ግን ደክሞት ተኛ። ውሃው በረዶ ሆኖ ብሎኩን ሰነጠቀው። ከዚያ ወዲህ ግቢያችን ውስጥ ቆማለች። የአባቴ መንጃ ፈቃድ ደግሞ ሊያበቃ ዐሥራ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ዓይኑ ስለደከመ ከዚያ በኋላ አያድሱለትም። አንድ ቀን፣ አንድ ዙር፣ ራሱ እንዲነዳት ምያለሁ።

ሸራው ላይ እንዳለሁ አንድ ባለ ስድስት ሲሊንደር መጥቶ ቆመብኝ። አዲስ ቀለም ተቀብቷል፣ ብብቱ ሥር የጉምሩክ ወረቀቱን ይዟል። ወዲያው አወቅኩት፤ በውኔ ደምሰው «ይሄ ይሻልሻል፣ በአራት ቀን እገጥምልሻለሁ» ያለኝ እሱ ነው።

«ስንት ኪሎ ሜትር ሄደሻል?» አለኝ።

«አርባ ሦስት ዓመት።»

«ቆጣሪዋ ወደ ኋላ ተመልሷል» አለው ለክሪኩ። በሕልምም ቢሆን ተናደድኩ። ዕድሜዬን ቀንሼ አላውቅም።

«ግድ የለም፣ እወስዳታለሁ» አለ ብሎኩ።

«እኔ ባለ ስምንት ነው የምፈልገው!» ብዬ ከሸራው ተነሣሁ። ገበያው በሙሉ ሳቀ፤ ዕቃ ገዢውን ሲመርጥ አይተው አያውቁም። ደምሰው በአንድ እግሩ ተነሥቶ «ስድስትም ስምንትም ያው ይሄዳል፣ ማን ይቆጥርልሻል?» አለኝ።

«አባባ በጆሮው ይቆጥራል!» አልኩትና ሮጥኩ።

በውኔም ከደምሰው ጋር ያየነው ባለ ስምንት ከገበያው ዳር ብቻውን ዝናብ ላይ ተቀምጧል። ዝገት በዝገት ሆኗል፤ ሲሊንደሮቹም ተበልተዋል።

«እኔ በሽተኛ ነኝ» አለኝ። «ቶርኖ ቤት ገብቼ ካልተስተካከልኩ አልሆንም። ተስተካክዬ እስክገጠም ዐሥር ቀን ይፈጅብኛል።»

«ዐሥራ ሁለት አለኝ።»

«መሐል ላይ አንድ ነገር ቢበላሽስ?»

«ሁለት ቀን ትርፍ አለን። ተነሥ!»

ልሸከመው ጎንበስ ስል እሱ አዘለኝ።

ወዲያው የቦሎ ምርመራ ቦታ ደረስን። መኪኖች ከመስኮት ኋላ ተቀምጠው ሰውን በተራ ይጠራሉ፤ ላለፈው ግንባሩ ላይ ቦሎ ይለጥፉለታል። አንድ ሚኒባስ የአንድ ሽማግሌ እግር ላይ ወጥቶ «ፍሬን ይያዙ! ፍሬን!» ይላል። አንዲት ሙሽራ ጭስ ታበዣለሽ ተብላ ከነቬሏ ተመለሰች።

ከሰልፉ ፊት አባቴ ቆሟል። ደረቱ እንደ መኪና ኮፈን ተከፍቷል፤ ውስጡ በረዶ ነው። መርማሪዋ ቀይዋ መኪናችን ነበረች፤ ሁለቱ መብራቶቿ ላይ የአባቴን መነጽር አድርጋለች።

«ጥፋትህ ምንድን ነው?» አለችው።

«ደብረ ብርሃን ላይ ውሃሽን ሳላወጣ ተኛሁ።»

«እሱን ስድስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ ነግረኸኛል። ሌላስ?»

«ሌላ የለኝም።»

«ውሸታም! የጣርማበርን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ አስወጥተኸኛል።»

አባቴ ሳቀ። ከደብረ ብርሃን ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አላየሁትም፤ እንባዬ መጣ። መኪናዋ ወደ ሰልፉ ዞረች።

«ለዚህ ሰውዬ ምን ይግባለት? ስድስት ወይስ ስምንት?»

«ስድስት! ስድስት! ሰልፉን አታስረዝሙብን!» ብሎ ሰዉ ሁሉ ጮኸ። ደምሰውም አብሮ ጮኸ።

«ስምንት!» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። እንደታዘልኩ በሰው መሐል ተጋፍቼ መስኮቱን በቡጢ መታሁት። «ስምንት ነው አልኩ!»

ባለ ስምንቱ ከጀርባው አውርዶኝ ራሱ አባቴ ደረት ውስጥ ገባ። በረዶው መሰንጠቅ ጀመረ። መኪናዋ ቁልፉን አዞረችው። አባቴ አንዴ አሳለው፣ ሁለቴ አሳለው፣ ሦስተኛው ላይ ሊነሣ ሲል ጣሳ መሬት ላይ ኳ አለና ነቃሁ።

ነግቷል። ጣሳው የእውነት ነበር። በመስኮት ሳይ አባቴ ጋቢውን እንደለበሰ መኪናዋ ፊት ተንበርክኮ፣ ጣሳውን ራዲያተሩ ሥር ደቅኖ የውሃ ማውጫዋን ቡሎን በጣቱ ይፈልጋል። ሞተሩን ካወጣነው ሳምንት ሆኖታል።

ነጠላ ጫማዬን አጥልቄ ወጣሁ።

«አባባ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«ውሃዋን ላወጣላት ነው።»

«ሞተር የላትም እኮ። ራዲያተሩም ደረቅ ነው።»

«አውቃለሁ» አለኝ፣ ቡሎኑን አግኝቶ እየፈታ። «እጄ እንዳይረሳ ነው። ነገ ስትነሣ ማታ ማታ ማን ያወጣላታል?»

የመንጃ ፈቃዱን ነገር ላነሣበት አልቻልኩም። እዚያው ቆሜ ለደምሰው ደወልኩ።

«ባለ ስምንቱን ውሰደው። ዛሬውኑ ቶርኖ ቤት ይግባ።»

«ትርሲት፣ ባይደርስስ?»

«ይደርሳል። አንተ ብቻ አሁን ከአልጋህ ተነሥ።»

አባቴ ጣሳው ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ ቡሎኑን መልሶ አጠበቀና ተነሣ።

«አለቀ» አለኝ፤ ባዶውን ጣሳ ወስዶ አጥሩ ሥር ደፋው።